ጥይት አመራረጥና ንጹሕ ተኩስ፦ ከደጋ አጋዘን እስከ ድብ

ለገናና ለጥምቀት ከአሜሪካ ወደ ሐዋሳ የሚመጡ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ እዚያ አደን ጀምረዋል። ሐይቅ ዳር ዓሣው ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ ጥያቄው አይቀርም፦ "ለድብ የቱ ካሊበር (የጥይት ልክ) ይሻላል?" በሌላ በኩል ወንዶ ገነት ኮሌጅ የተማሩ፣ ወይም ከአርሲና ከባሌ መንደሮች የመጡ፣ የአደን ካምፕ ውስጥ መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። እነሱም ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጠመንጃ ነው። እንስሳን የሚጥለው ግን የጠመንጃው ስም አይደለም። አረሩ የት ገባ? ምን ያህል ጠለቀ? ተኳሹስ ተኩስ መተው ያውቅበታል? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኑሮዬ ሐዋሳ ነው። ሥራዬ ደግሞ ለዓመታት ደጋ ላይ፣ ከአዳኝ እንግዶች ጋር ነበር። ድብ እኛ አገር የለም። ስለዚህ መሠረቱን በደጋ አጋዘን አስረዳለሁ። ድብ የሚለይበትን ለብቻው መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ወረቀቱ ይቅደም

ይሄን በአጭሩ ልለፈው። በአገራችን የዱር እንስሳት አደን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 541/1999 እና በደንብ ቁጥር 163/2000 ነው። ፈቃድ አለ፣ ኮታ አለ፣ አብሮ የሚሄድ ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) አለ። ጠመንጃና ጥይት መያዝ ደግሞ የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1177/2012። የሰንቀሌ ቆርኬ መጠለያ ከሐዋሳ ቅርብ ነው ብለህ የስዋይን ቆርኬ እንዳትመኝ። ቆርኬው፣ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው አይነኩም። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም አደን የለም።

ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። አይቮር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ ናሙናውን ወደ አገሩ ወሰደ። በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። ዛሬ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት አንዱ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን ለአደን የሚፈለገውም ያረጀ ወንድ ነው። ጭራሽ መታደን የለበትም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም፣ እዚህም አልጨርሰውም። ከታደነ ግን በአንድ ጥይት፣ ሳይሰቃይ መሞት አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

1. የምትችለውን ጠመንጃ ያዝ

የደጋ አጋዘን ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ለዚህ .30-06 የሚባለው ጥይት ባለ 180 ግሬይን አረር በደንብ ይበቃል። .308 ዊንቸስተርም ይሠራል። 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም (ማግነም ማለት ባሩዱ የበዛ፣ ጉልበተኛ ጥይት ነው) ባለ 160 ግሬይንም ጥሩ ነው። .270 ዊንቸስተር ከሆነ 150 ግሬይኑን ምረጥ። ግሬይን የአረሩ ክብደት ነው፤ 180 ግሬይን ማለት ወደ 11.7 ግራም ነው። ለድኩላና ለከርከሮ ከእነዚህ አንዱ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ልዩነት ስለሌለ እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፋ።

ጊዜህን በሌላ ነገር ላይ አጥፋ፦ ጠመንጃውን ትችለዋለህ ወይ? .300 ዊንቸስተር ማግነም ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ጠመንጃው ግሩም ነው። ነገር ግን ሰደፉ ትከሻውን ሁለት ሦስቴ ሲመታው ሰውየው ጠመንጃውን መፍራት ይጀምራል። ፍርሃቱን አያውቀውም፤ ብትነግረውም አያምንህም። ማወቂያ መንገድ አለ። ኢላማ ልምምድ ላይ ጠመንጃውን አንተ አጉርስለት። አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ደግሞ ባሩድም ካፕሱልም የሌለው የልምምድ ጥይት አስገባ። እሱ የትኛው እንደገባ አይወቅ። አፈሙዙን እይ። ሰውየው ተረጋግቶ ያነጣጥራል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ቃታውን ይስባል። ቀጭ! ምንም አልተኮሰም። አፈሙዙ ግን አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ደፋ ይላል። ዓይኑም ተጨፍኗል። የዚያ ጥቂቱ እንኳ መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ ሲደርስ አረሩን ከልብ አውጥቶ እግር ላይ ያሳርፋል።

እንዲህ የሆነ ሰው ትንሽ የሚመታ ጠመንጃ ይያዝ። ከነገ ወዲያ እለምደዋለሁ ማለት አያዋጣም። ማግነም ይዞ የቆሰለ እንስሳ ከመፈለግ በ.308 ቀጥ አድርጎ መጣል ይሻላል። ለልምምድ ጥይት ውድ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ባዶ ጠመንጃ በልምምድ ጥይት እየደገምክ ቃታ መሳብ ተለማመድ። ብዙው ችሎታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

2. አረሩን ምረጥ

ብዙ ሰው ጥይት ሲል ሁሉም አንድ ይመስለዋል። ቀለሁና ባሩዱ የሚገፉ ናቸው። ሥራውን የሚሠራው ጫፉ ላይ ያለው አረር ነው። ሳጥኑ ላይ የካሊበሩን ስም ብቻ ሳይሆን የአረሩን ዓይነት አንብብ።

ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነው የወታደር አረር ለአደን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1899 ሄግ ላይ የወጣው ስምምነት ሰውነት ውስጥ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ከለከለ፤ ወታደር የሚይዘው ጥይት ጫፉ ሽፍን የሆነው ለዚህ ነው። ይህ አረር እንስሳ ላይ ሲያርፍ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። እንስሳው ይሮጣል፣ ሩቅ ሄዶ ቀስ ብሎ ይሞታል። የክላሽ ጥይት ደግሞ አረሩ 8 ግራም ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም ያንሳል። "ክላሽ ሁሉን ይጥላል" የሚል ጉራ ደጋ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው ጫፉ እርሳስ የሆነ፣ ለስላሳው አረር ነው። ሥጋ ሲነካ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፣ ቁስሉን ያሰፋል። ለድኩላ ግሩም ነው። ችግሩ ከቅርብ ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት የትከሻ አጥንት ከመታ ሊፈረካከስና ሳንባ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ጆን ኖዝለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ትልቅ እንስሳ ሲያድን ይሄው ነገር አስመረረው። ከዚያም መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው፣ የፊቱ ሲከፈት የኋላው ግማሽ ሳይበተን የሚገፋ አረር ሠራ። ፓርቲሽን የሚባለው ይሄ ነው። ዛሬም ድረስ ይሸጣል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የምመክረው ነው። እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር ተጣብቆ የሚሠራው፣ ቦንድድ የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ሦስተኛው ጭራሽ እርሳስ የሌለው፣ ሙሉ መዳብ ነው። ባርንስ የሚባለው የአረር ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ራንዲ ብሩክስ ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1985 አላስካ ውስጥ በመነጽር ድብ ሲፈልግ ነው ይባላል። መዳብ አይፈረካከስም፤ አራት ቅጠል ሆኖ ይከፈትና ዘልቆ ይሄዳል። ከእርሳስ ስለሚቀል ለተመሳሳይ ክብደት ርዝመቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ በ180 ምትክ 165 ግሬይን ብትወስድ ምንም አይጎድልብህም። ለመከፈት ግን ፍጥነት ይፈልጋል፤ በጣም ሩቅ ለሆነ ተኩስ አይመችም።

እኔ ለደጋ መዳቡን የምመርጥበት ሌላ ምክንያት አለኝ። የእርሳስ አረር ሲከፈት ዓይን የማያየው ፍርፋሪ ሥጋው ውስጥ ይበተናል። የሚጣለውን ሆድቃ የሚበላው ማን ነው? ጥንብ አንሳው ነው። የተረፈውን ሥጋ የሚበላው ደግሞ የመንደሩ ሰው ነው፤ ሕፃናትም ጭምር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንዶር የሚባለው ትልቅ ጥንብ አንሳ በእርሳስ እየተመረዘ ስላስቸገረ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይትን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ክልከላ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። መዳቡ ይወደዳል፤ ቢሆንም ለአንድ አደን የምትተኩሰው ጥይት በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የአንድ ዓይነት አረር ሳጥን ገዝተህ ከተለማመድክ በኋላ ለአደን ሌላ ዓይነት አትያዝ። ክብደቱ እኩል ቢሆንም የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል።

3. ደጋ ስትደርስ ጠመንጃውን እንደገና ዜሮ አድርግ

ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ አድርገህ ወደ ባሌ ስትወጣ መንገዱ መኪናውን ብቻ አይደለም የሚንጠው። የጠመንጃው መነጽር ብሎን ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ካምፕ እንደደረስክ፣ አደን ከመጀመርህ በፊት፣ ካርቶን ላይ ምልክት አድርግና ከ100 ሜትር ሦስት ጥይት ተኩስ። ዜሮ ማድረግ ማለት አረሩ በመረጥከው ርቀት ልክ ያነጣጠርክበት ላይ እንዲያርፍ መነጽሩን ማስተካከል ነው።

.30-06 ባለ 180 ግሬይን በ200 ሜትር አካባቢ ዜሮ ከተደረገ 100 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያርፋል። 300 ሜትር ላይ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። እስከ 200 ሜትር ድረስ ታዲያ ከፍ ዝቅ ሳትል መሐሉን አነጣጥረህ ትተኩሳለህ። ሒሳቡን ቀላል የሚያደርገው ይሄ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አረሩ የሚወርደው ትንሽ ያነሰ ነው፤ በዚህ ርቀት ግን ልዩነቱ አያሳስብም።

የሚያሳስበው የአንተ ሳንባ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ አጋዘን የሚውልበት ቦታ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዳገት ወጥተህ ወዲያው ካነጣጠርክ መነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል ከትንፋሽህ ጋር ይጨፍራል። ቢቻል አንድ ቀን ካምፕ አርፈህ ከፍታውን ልመድ።

ጉምና ጤዛም አለ። ጠመንጃውን ከብርዱ እሳት ወዳለበት ቤት ስታስገባው መስተዋቱ ላብ ያወጣል። ውጭ ያለው ብርድ ውስጥ አሳድረው፤ በእርግጥ ጥበቃ ባለበት። ዝናብ ካለ አፈሙዙ ላይ ስስ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፍ። ጥይቱ ሲወጣ ከፊቱ ያለው አየር ይበጥሰዋል፣ ችግር የለውም።

4. ቅርጫ ሂድና ልብ የት እንዳለ እይ

ልብ የት ነው ብለህ ብትጠይቅ አብዛኛው ሰው የእንስሳው መሐል ደረት ላይ ወይም ከዚያ ወደ ኋላ ያሳይሃል። ስህተት ነው። ለማየት አደን መሄድ አያስፈልግም። የቅርጫ በሬ ሲታረድ ሂድ። ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ፣ ሆዱ ሳይዘረገፍ፣ በላቾቹን አንዴ አስቁምና የፊት እግሩን አንሳ። ልቡ ፍሪንባው ላይ ተኝቷል፤ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መሐል። ሳንባው ከላይና ከኋላው ይከበዋል። ከሳንባው ኋላ ስስ ግድግዳ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ጉበት፣ ከዚያ ጨጓራ። ከብብቱ ወደ ኋላ ሁለት ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ከሚገድለው ቦታ ወጥተህ ከሚያሰቃየው ቦታ ትገባለህ።

ደጋ አጋዘንም አሠራሩ እንዲሁ ነው። ጎኑን ሙሉ ሰጥቶ ከቆመ የፊት እግሩን መስመር ተከትለህ ከደረቱ ሥር ወደ ላይ ውጣ። የደረቱ ቁመት አንድ ሦስተኛ ላይ ቁም። እዚያ ነው። ትንሽ ከፍ ብትል ሳንባ፣ ትንሽ ዝቅ ብትል ልብ፣ ትንሽ ወደ ፊት ብትሄድ የትከሻ አጥንት ታገኛለህ። ሦስቱም ይጥሉታል። ወደ ኋላ ብትሳሳት ግን ሆድ ነው። ከአሜሪካ የመጡ አዳኞች "ከትከሻ ጀርባ" ብለው ስለተማሩ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያበዛሉ። "እግሩ ላይ፣ እግሩ ላይ" እያልክ አስታውሳቸው።

ወንዱ ጀርባው ላይ ጸጉር አለው፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ይቆማል። ጀርባው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ይመስልሃል። መሐሉን ስትለካ ጸጉሩን አትቁጠር። አከርካሪው ላይ ያለውን የአጥንት ጫፍ ብቻ የነካ አረር እንስሳውን ዘጭ አድርጎ ይጥለዋል። ሁሉም "ወደቀ!" ብሎ ሲጨፍር ተነስቶ ይሄዳል።

5. አቋሙን አንብብ

ጎኑን ሙሉ የሰጠ፦ ተኩስ።

ፊቱን ወደዚያ ያዞረና ጎኑን በሰያፍ የሰጠ፦ በጣም ጥሩ አቋም ነው። የምታየው ጎን ላይ አታነጣጥር። በወዲያኛው በኩል ያለውን የፊት እግር በሐሳብህ እይና አረሩ ወደዚያ እንዲወጣ አድርገህ ተኩስ። መግቢያው ወደ ኋላ ሊመስል ይችላል፤ ግን መንገዱ ሳንባን አቋርጦ ነው።

ፊቱን በሰያፍ ወደ አንተ የሰጠ፦ አረርህ ጠንካራ ከሆነ፣ ርቀቱም ቅርብ ከሆነ የቅርቡን ትከሻ ጫፍ መምታት ይቻላል። እኔ ግን ጠብቅ ነው የምለው። ዘወር ማለቱ አይቀርም።

ፊት ለፊት ትክ ብሎ የሚያይህ፦ ያየህ እንስሳ ሊሮጥ ነው። ደረቱ ጠባብ ነው። ተወው።

ቂጡን የሰጠ፣ የሚሮጥ፣ ጭንቅላቱ ብቻ የሚታይ፦ አይተኮስም። ጭንቅላት ላይ መተኮስ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ። አንጎሉ ትንሽ ነው፣ ጭንቅላቱም ዝም ብሎ አይቆምም። ስትስት የምትመታው መንጋጋውን ነው። መንጋጋው የተሰበረ እንስሳ ይሮጣል፣ ደሙም ትንሽ ነው፣ አታገኘውም። በረሃብ ይሞታል።

ሁልጊዜ ከጀርባው ያለውን እይ። አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ውስጥ ሴቶቹና ግልገሎቹ ቆመው ሊሆን ይችላል። መዳብ አረር አንዱን አልፎ ሌላውን ይመታል። እረኛም፣ ከብትም ሊኖር ይችላል።

6. ርቀትህን አንተው ወስን

ርቀቱን የሚወስነው ጥይቱ ሳይሆን ተኳሹ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ሰሃን ካርቶን ላይ አስደግፈህ ዙሪያውን ስመር። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን አደን ላይ እንደምትሆነው ሆነህ ተኩስ፤ ተቀምጠህ፣ በርከክ ብለህ፣ በተኩስ ምርኩዝ ተደግፈህ። ሁሉም ጥይት ክቡ ውስጥ የገባበት ርቀት የአንተ ርቀት ነው። አንዱ እንኳ ከወጣ ቅረብ። ለብዙ ሰው ከ150 ሜትር አይበልጥም፤ ይሄ ነውር የለውም።

ዳገትና ቁልቁለት ሌላ ጣጣ ያመጣል። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 200 ሜትር ያለ እንስሳ አግድም ርቀቱ 173 ሜትር ብቻ ነው። አረሩን የሚያወርደው አግድሙ ርቀት ነው። ወደ ላይም ተኮስክ ወደ ታች፣ አረሩ ከጠበቅከው ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። በዳገት ብዙ ሰው ከጀርባ በላይ የሚስተው ለዚህ ነው።

ንፋሱ ከአንተ ወደ እንስሳው እየነፈሰ ከሆነ ስለ ተኩስ ማሰብ ከንቱ ነው። ሽታህ ቀድሞህ ይደርሳል። ዞረህ ሂድ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ሊመሽ ሲል አልተኩስም፤ እንግዳም አላስተኩስም። ካቆሰልክ ዱካውን በጨለማ አታነበውም። ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ። ጠዋት ስትሄድ የምታገኘው ቀንድና አጥንት ነው። እንግዳው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ የመጨረሻው ቀን ሆኖ፣ እንስሳው ቆሞ እያለ "ተወው" ማለት ከባድ ነው። የሚያጉረመርም አለ፣ የሚቆጣም አለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል በለውና ጠመንጃውን አስቆልፈው። ደግሞም በአደን ሙያ ያቆሰልከው እንስሳ ባይገኝም እንደተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ሌላ ባይገባው ይሄ ይገባዋል።

7. ከተኩሱ በኋላ

ወዲያው ሌላ ጥይት አቀባብል። ዓይንህን ከመነጽሩ አታንሳ። እንስሳው ቆሞ ከቀረ ድገም። "አንድ ጥይት" የሚባለው ክብር የቆሰለ እንስሳ ላይ አይሠራም።

ሲመታ ምን አደረገ? ወደ ላይ ዘሎ ጭንቅላቱን ደፍቶ በኃይል ከሮጠ ብዙ ጊዜ ልብ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። ጀርባውን አጉብጦ ቀስ ብሎ ከሄደ ሆድ ነው። እግሩ ከተንጠለጠለ ዝቅ ብለሃል። የቆመበትን ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ምልክት ያዝ። አንድ ሰው አንተ የተኮስክበት ቦታ ይቁም፤ እዚያ ሆኖ በእጁ እያሳየ ይምራህ። ካንተ ወዲያ ማዶ ስትሻገር አስታው ሁሉ አንድ ይመስላል።

ከዓይንህ ከተሰወረ ተቀመጥ። ግማሽ ሰዓት። ቡና ካለ ጠጣ። ተኝቶ ያለን እንስሳ ቶሎ ከቀረብከው ባለ በሌለ ኃይሉ ይነሳል።

ደሙን ስታገኝ አትርገጠው፤ ከጎኑ ሂድ። አስታ ቅጠል ላይ ያለውን በቅርብ እየው። ደማቅ ቀይ ሆኖ ጥቃቅን የአየር አረፋ ካለበት ሳንባ ነው፤ በርታ፣ ቅርብ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ፣ አረፋ የሌለው ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ጠብቅ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር ከተቀላቀለበትና ሲሸት የጨጓራ ሽታ ካለው ሆድ መትተሃል። ይሄ ለሰዓታት መጠበቅን ይጠይቃል። በጅብ አገር ግን ሰዓት የለህም። ጠዋት ከሆነ እስከ ቀትር ጠብቅ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ከሁሉ የተሻለውን ዱካ አንባቢ አስቀድመህ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ጠመንጃው ዝግጁ ሆኖ መሄድ ነው ያለህ አማራጭ። ደም ሲጠፋ መጨረሻ ያየህበት ላይ መሐረብ ወይም ወረቀት እሰርና ከዚያ ዙሪያውን እያሰፋህ ፈልግ።

ስትደርስበት ከኋላው ቅረብ። በረጅም እንጨት ዓይኑን ንካ። ከጨፈነ አልሞተም፤ ደረቱ ላይ ድገመው። አርሲና ባሌ ውስጥ ሥጋውን የሚበላው አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ስለዚህ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ሰው ከቡድኑ ጋር ይኑር፤ ቢላዋውም የተሳለ ይሁን። ይሄን ያልተዘጋጀ ካምፕ መንደርተኛውን ያስቀይማል፣ ያ ሁሉ ሥጋም ይበላሻል። ከርከሮ ከሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም፤ ሥጋውን ምን እንደምታደርገው ከመተኮስህ በፊት አስብበት።

8. ድብ ለምታድን ወንድሜ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለድብም ይሠራል። የሚለየው ይሄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታደነው ድብ ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁር ድብ ብዙ ጊዜ ከደጋ አጋዘን ያነሰ ነው፤ እዚህ የጠቀስኳቸው ጠመንጃዎች ሁሉ ይበቁታል። ቡናማው ግን ሌላ ነው። የኮዲያክ ደሴት ወንዱ እስከ 680 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። አጥንቱም ጡንቻውም ወፍራም ነው። ያም ሆኖ የአላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ምክር እኛ እዚህ ከምንለው አይለይም፦ ማግነም ይዞ ከሚፈራ ሰው .30-06 ባለ 200 ወይም 220 ግሬይን ጠንካራ አረር ይዞ በትክክል የሚተኩስ ይሻላል። .338 ዊንቸስተር ማግነም ወይም .375 ኤች ኤንድ ኤች ሳይበረግጉ መተኮስ ከቻልክ እሰየው። ለድብ ቶሎ የሚፈረካከስ አረር አትያዝ። ፓርቲሽን፣ ቦንድድ ወይም መዳብ ይሁን።

ጸጉሩ ረጅም ነው፤ ትከሻው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይደብቅብሃል። ደረቱ የሚጀምረው ጸጉሩ ከሚያልቅበት ከፍ ብሎ ነው፤ ዝቅ ብለህ ብትተኩስ ጸጉር ብቻ ላጭተህ ልታልፍ ትችላለህ። ጎኑን ሲሰጥህ የቅርቡ የፊት እግር ወደ ፊት እስኪራመድ ጠብቅ። ያኔ ሳንባው ይገለጥልሃል። ከትከሻው ጠጋ ብለህ፣ ከቁመቱ መሐል ትንሽ ዝቅ ብለህ ተኩስ። ለቡናማው ብዙ መሪዎች ትከሻውን መስበር ይመርጣሉ፤ መሄድ ያቆመዋል። ወይ ጎን ይስጥህ፣ ወይ በሰያፍ ወዲያ ይዙር። ሌላ አቋም አትቀበል። ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ በፍጹም።

በመከር ወቅት ከቆዳው ሥር ስብ ይሞላል። ስቡ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ጸጉሩ ደሙን ይመጠዋል። በደንብ የተመታ ድብ መሬት ላይ ጠብታ ሳይጥል ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አረሩ በሌላው ጎን እንዲወጣ የሚያደርግ ጥልቀት ያስፈልግሃል። በዚያ ላይ እስኪወድቅና እንቅስቃሴው እስኪቆም ደጋግመህ ተኩስ። የቆሰለ ድብ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ ብቻህን አትከተል። የቆሰለ አጋዘን ይሸሽሃል፤ የቆሰለ ድብ ግን ሊመጣብህ ይችላል።

ከመተኮስህ በፊት ድቧ ብቻዋን መሆኗን አረጋግጥ። አላስካ ውስጥ ግልገል የያዘች ቡናማ እናትና ግልገሎቿን መግደል ክልክል ነው። ግልገሎቹ ሣር ውስጥ ተኝተው ላይታዩ ስለሚችሉ ዝም ብለህ ጥቂት እያት። የግዛቷ ነዋሪ ካልሆንክ ቡናማ ድብ ለማደን ፈቃድ ያለው መሪ፣ ወይም እዚያ የሚኖር የቅርብ ዘመድ አብሮህ መሆን አለበት። የአሜሪካ ዜግነት ከሌለህ ደግሞ የዘመድ ነገር አይሠራም፤ ለጥቁር ድብም ቢሆን መሪ ግድ ነው። ግሪን ካርድ ይዘህ ከሆነ በየትኛው እንደምትቆጠር ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ። ቡናማ ድብ ከገደልክ በኋላ ቆዳውንም የራስ ቅሉንም ለእነሱ አቅርበህ ማሳተም አለብህ። እንዳይረሳህ፤ የራስ ቅሉን ጫካ ጥለህ ከመጣህ ችግር ነው።